ከቁስሉ መዳን በኋላ

በጦር ሜዳ እግሩን ያጣ ወታደር ቁስሉ ደርቆ ከሆስፒታል ሲወጣና እንደ ጂንካ ወዳለ ሩቅ አገሩ ሲመለስ ሕክምናው ያበቃ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። እግሩን የመቁረጡ ሥራ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕክምና እስከ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል።

በመጀመሪያ አኝኝቱን ተመልከቱ። እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ ቁስለኛ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ቢደረግለት ሕመሙ ይቀልለታል። ለአስታማሚ ዘመድም ይህ ርኅራኄ ይመስለዋል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። ይሁን እንጂ ጉልበቱ እንደታጠፈ ብዙ ቀን ከቆየ ጅማቱ ያጥራል፤ መገጣጠሚያውም አልዘረጋ ይላል። የማይዘረጋ ጉልበት ደግሞ በሰው ሠራሽ እግር በሚገባ ሊራመድ አይችልም። ስለዚህ ነርሷ ትራሱን ስታነሣበት ጨከነች አይባልም።

ቁስሉ ሲድን ባለሙያው የቀረውን እግር ቅርጽ በጀሶ ይወስዳል። በዚያም ልክ እግሩ የሚገባበት ቀፎ ከፕላስቲክ ይሠራል። ቀፎው ከጠበበ ቆዳን ይልጣል፤ ከሰፋም እየተንሸራተተ ያቆስላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የቀረው እግር እየከሳ ስለሚሄድ ዛሬ ልክ የሆነው ቀፎ ውሎ አድሮ መስፋቱ አይቀርም። እንደ ቱርሚና ኦሞራቴ ባለው ቆላ ደግሞ ላቡ በቀፎው ውስጥ እየተጠራቀመ ቆዳውን ያቆስላል። ያን ጊዜ ባለቤቱ እግሩን ከማዕዘን አቁሞ ወደ ምርኩዙ ይመለሳል።

ለምን ሄዶ አያሳድሰውም? ጂንካ ሆስፒታል አላት፤ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት የተሐድሶ ማዕከል ግን የሚገኘው በአርባ ምንጭ ነው። መንገዱ በወይጦና በኮንሶ በኩል ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በምርኩዝ ለሚሄድ ሰው አውቶቡስ ላይ መውጣቱ ራሱ አንድ ሥራ ነው።

አንድ ሰው ሠራሽ እግር አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። እንግዲህ አስሉት። በ1970 ዓ.ም. በካራማራ ውጊያ በ20 ዓመቱ እግሩን ያጣ ወታደር በሕይወት ካለ ዛሬ ዕድሜው ከ65 ዓመት በላይ ነው፤ እግሩንም ከ9 ጊዜ ያላነሰ መለወጥ ነበረበት። ለእያንዳንዱም ልክ መወሰድ፣ መሞከርና መራመድን እንደገና መለማመድ ያስፈልጋል። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት በቆመው የሰሜኑ ጦርነት የተጎዱት ወጣቶች ይህን ጉዞ ገና መጀመራቸው ነው።