የፒክአፕ መኪና ዝቅ ማድረጊያና የሾክ አብዞርበር አመራረጥ

በጉለሌ፥ በሽሮ ሜዳ የሸማ መደብሮች በር ላይ ቦንዳ የሚጭኑ ሰዎች ዘወትር የሚያሰሙት አንድ ቅሬታ አለ፤ ይኸውም የፒክአፕ መኪናው ጀርባ ከፍታ ነው። ከባድ የድርና የማግ ጥቅል እስከ ደረት አንሥቶ መጫን ወገብ ይሰብራል። በዚሁ ምክንያት አሠሪዬ ከውጭ አገር የሚመጣውን የመኪና ዝቅ ማድረጊያ ለማስመጣት አሰቡ። ሌላው ነጋዴ እንዳይቸገር የደረሰብንን መጻፍ መልካም መስሎ ታይቶኛል።

መኪናችን የቆየች ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። የትእዛዙን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ስሆን፥ የመኪናዪቱን ስምና የተሠራችበትን ዓመት ብቻ ጠቅሼ ነበር። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ይሁን ወይም በታች አልገለጽሁም፤ መግለጽ እንደሚያስፈልግም አላውቅም ነበር። ሻጩም አልጠየቀም። የመጡልን በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገቡ ሁለት ኢንች ውፍረት ያላቸው ብረቶች ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌስትራው በአክስሉ ሥር በሚያልፍበት መኪና ይህ ብረት በመካከል ሲገባ አክስሉ ወደ ሻንሲው ይቀርባል፤ መኪናውም ዝቅ ይላል። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ በተቀመጠበት መኪና ግን ያው ብረት መኪናውን ከፍ ያደርገዋል። የእኛይቱ ሁለተኛው ዐይነት ስለ ነበረች በሁለት ኢንች ከፍ ብላ ከጋራዥ ወጣች። መካኒኩ «ጭነት ሲቀመጥባት ትወርዳለች» አለን፤ እኛም አመንነው።

ሾፌራችን ሙሉ ጭነት ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስ ተጓዘ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የዓባይ በረሃ መንገድ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቍልቍል ወርዶ መልሶ ይወጣል። ቍልቍለቱን ሲጀምር የፊት ፍሬኑ ጤሰ፥ ፔዳሉም ላላ። ማርሹን ቀንሶ መኪናዪቱን ከተራራው ጥግ ባያስደግፋት ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ መንፈስ እጽፈው ነበር። በብዙ ፒክአፖች ላይ የኋላ ፍሬን ግፊትን የሚወስን፥ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ። አክስሉ ከሻንሲው ሲርቅ ቫልቩ መኪናው ባዶ የሆነ ይመስለውና የኋላውን ፍሬን ያደክማል፤ የፊተኛው ብቻውን ይለፋል። መኪናው ዝቅ ሲደረግ ደግሞ በተቃራኒው ባዶውን እንደ ተጫነ ስለሚቈጥር የኋላ ጎማዎች በድንገት ሊታሰሩ ይችላሉ። ስለዚህ ከፍታው በተለወጠ ቍጥር የቫልቩ ዘንግ እንደገና መስተካከል አለበት።

ስለ ሾክ አብዞርበርም ገበያው ውስጥ ያለው አስተሳሰብ ስሕተት አለበት። ሸክም የሚሸከመው ባሌስትራው ነው፤ የሾክ አብዞርበሩ ሥራ የባሌስትራውን መዋዠቅ ማርገብ ብቻ ነው። የእኛ መኪና ከፍ ስትል አሮጌዎቹ ሾኮች እስከ መጨረሻቸው ተስበው በየጉድጓዱ ይንቋቋሉ ነበር። ዝቅ በተደረገ መኪና ደግሞ ረጅም ሾክ፥ መከላከያው ጎማ አክስሉን ከመቀበሉ በፊት ተጨምቆ ያልቃል፤ ከዚያም ይሰበራል ወይም ዘይቱን ያፈሳል። አስመጪው ከመኪናው ስም በተጨማሪ ሾኩ ሲዘጋና ሲዘረጋ ያለውን ርዝመት ለሻጩ ይጻፍ። ልኩም መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፥ አንድ ጊዜ ባዶውን አንድ ጊዜ ተጭኖ፥ ከላይኛው ማሰሪያ እስከ ታችኛው ይወሰድ።

አንዳንዶች መኪናውን ዝቅ አድርገው ጭነት እንዲችል ባሌስትራ ያስጨምራሉ። የተጨመረው ባሌስትራ መኪናውን መልሶ ከፍ ስለሚያደርግ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

ለጉምሩክ ሰነድ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ሾክ አብዞርበር በታሪፍ አንቀጽ 87.08 ሥር ሲመደብ፥ የብረት ባሌስትራና ሞላ ለየብቻ ሲመጡ በ73.20 ነው የሚመደቡት። በአንድ መስመር «የመኪና መለዋወጫ» ብሎ መጻፍ ጉዳዩን ያጓትታል።

እኛ ብረቶቹን አስወጥተን፥ ልክ የተወሰደላቸውን ሾኮች ከሶማሌ ተራ ገዝተን፥ የፍሬኑን ቫልቭ አስተካክለን መኪናዪቱን ወደ ቀድሞ ከፍታዋ መለስናት። ለጫኞቹም አናጢ በመደብሩ በር ላይ ከእንጨት መወጣጫ ሠራላቸው።