ስዊች ማንን ያስቀድማል?

የስልክ ጥሪ፣ የፋይል ቅጂና ቪዲዮ በአንድ ኬብል ይጓዛሉ፤ መስመሩ ሲጨናነቅ ግን ጉዳታቸው እኩል አይደለም። ፋይል ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ ማንም አያስተውለውም። ድምፅ ግን ከተናጋሪው አፍ እስከ አድማጩ ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊሰከንድ ብዙ ካለፈ ተነጋጋሪዎቹ እርስ በርስ ንግግር መነጣጠቅ ይጀምራሉ። የሚያስቆጨው ድምፅ የሚፈልገው ጥቂት መሆኑ ነው፦ ጂ 711 በተባለው ኮዴክ አንድ ጥሪ በሰከንድ 50 ፓኬት ይልካል፤ እያንዳንዱ 200 ባይት ነው፤ በድምሩ 80 ኪሎቢት። ኪውኦኤስ የሚባለው የአገልግሎት ጥራት ቅንብር መስመሩን አያሰፋውም። ሲሞላ ማን እንደሚቀድም ይወስናል እንጂ።

ስዊቹ የሚለየው በምልክት ነው። በ1998 የወጣው የዲፍሰርቭ መስፈርት በአይፒ ፓኬት ራስጌ ላይ 6 ቢት መደበ፤ ከ0 እስከ 63 ይጻፍበታል፣ የድምፅ ቁጥር በተለምዶ 46 ነው። ይሁንና ማንኛውም ኮምፒውተር በራሱ ፓኬት ላይ 46 መጻፍ ይችላል። ስለዚህ እንደ ሲስኮ ካታሊስት 2960 ባለ ስዊች ላይ ኪውኦኤስ ሲበራ ፖርቶቹ ሁሉ የማይታመኑ ይሆናሉ፤ የመጣው ምልክትም ወደ 0 ይቀየራል። ጥንቃቄው ትክክል ነው። ግን አብርቶ የስልኮቹን ፖርት እመን ሳይል የሄደ ባለሙያ ሊረዳው ያሰበውን ድምፅ ራሱ ይጎዳዋል።

ፍጥነት የሚገደበው ደግሞ በፖሊሲንግ ነው። አሠራሩ ቶከን በተወሰነ ፍጥነት እንደሚጠራቀምበት ባልዲ ነው፤ የሚያልፍ ፓኬት በባይቱ ልክ ቶከን ይቀንሳል። ቶከኑ ካልበቃ ፓኬቱ ወዲያው ይጣላል፣ ወይም ምልክቱ ዝቅ ተደርጎ ያልፋል። ወረፋ ላይ አቆይቶ ማሳለፍ የሌላው ዘዴ፣ የሼፒንግ፣ ሥራ ነው።

ባለሙያው ሁለት ቁጥር ይሰጣል፦ ፍጥነቱን በቢት፣ በርስት የሚባለውን የባልዲውን ልክ በባይት። ብዙዎች ለመጀመሪያው ተጨንቀው ሁለተኛውን በዘፈቀደ ይሞሉታል፤ ጣጣው የሚመጣው ከዚያ ነው። 10 ሜጋቢት ፈቅደን በርስቱን 8000 ባይት ብናደርገው ባልዲው 1500 ባይት የሆኑ ፓኬቶችን አምስት ብቻ ይችላል። ጊጋቢት ፖርት ላይ ያለ ሰርቨር ግን በየ12 ማይክሮሰከንዱ አንድ እየላከ ያከታትላቸዋል፤ ለአንዱ ፓኬት የሚበቃ ቶከን ለመሙላት 1.2 ሚሊሰከንድ ያስፈልጋል። ከስድስተኛው ጀምሮ መውደቅ ይከተላል። ቲሲፒ ፓኬት መጥፋቱን ሲያይ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ 10 ሜጋቢት የተባለለት ተጠቃሚ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ይደርሰዋል። 2960 እስከ 1,000,000 ባይት ይፈቅዳል፤ ለፋይል እኔ ብሆን የ100 ሚሊሰከንድ ያህሉን፣ 125,000 ባይት፣ መነሻ አደርጋለሁ።

ለድምፅ ግን ያው 8000 ባይት ይተርፈዋል፤ ፓኬቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ የሚመጡትም በየ20 ሚሊሰከንዱ ነው። ገደቡን ማንሳት ግን አይገባም። ድምፅ የሚገባበት ቀዳሚ ወረፋ ባዶ እስኪሆን የፖርቱ ሌሎች ሦስት ወረፋዎች ስለሚጠብቁ፣ ፖርቱ ታምኖለት 46 የጻፈ አንድ ኮምፒውተር የቀረውን ትራፊክ ሁሉ ሊያግድ ይችላል።