የጽጌረዳን ቅጠል ስለሚያረግፈው በሽታ

በደጋና በወይና ደጋ አገር በየግቢው የተተከለው ጽጌረዳ በሰኔ ለምልሞ ይታይና፣ ነሐሴ ሲጋመስ ቅጠሉ ረግፎ እሾሁ ብቻ ይቀራል። ባለቤቱም ዝናቡ በዛበት ብሎ ያልፈዋል፤ አንዳንዱም ተክሉ አርጅቷል በማለት ነቅሎ ይጥለዋል። ይሁን እንጂ ተክሉን ያራቆተው ዝናቡ ራሱ ሳይሆን በዝናብ ወራት የሚራባ ሻጋታ ነው፤ በሽታውም ጥቁር ነጠብጣብ ይባላል።

ምልክቱ አስቀድሞ የሚታየው ከታች ባሉት ቅጠሎች ላይ ነው። በላይኛው ገጻቸው ዳሩ እንደ ክር የተበጣጠሰ ክብ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ ዙሪያው ቢጫ ይሆንና ቅጠሉ ይረግፋል። ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ስለሆነ፣ በክረምት የተራቆተ ጽጌረዳ በመስከረምና በጥቅምት ሊያብብበት የሚገባውን ኃይል አዲስ ቅጠል በማውጣት ይጨርሰዋል። ይህ በየዓመቱ ከተደጋገመ ግንዱ መንምኖ እስከ መድረቅ ይደርሳል።

የሻጋታው ዘር በዓይን የማይታይ ብናኝ ሲሆን፣ የዝናብ ጠብታ ከወደቀው ቅጠል አንሥቶ ወደ ጤነኛው ይረጨዋል። ነገር ግን ይህ ብናኝ በደረቅ ቅጠል ላይ አንዳች ጉዳት ሊያደርስ አይችልም። በሽታው እንዲይዝ ቅጠሉ ቢያንስ 7 ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። የመከላከሉ ሥራ ሁሉ የሚመሠረተውም በዚህ ነገር ላይ ነው። ዝናብን መከልከል የሚችል የለም፤ ነገር ግን በመሸ ጊዜ በጎማ ከላይ የሚያጠጣ ሰው ቅጠሉን እስከ ንጋት አርጥቦ ያሳድረዋልና በሽታውን በገዛ እጁ እንደ መዝራት ይቆጠራል። ውሃ በማለዳ ከሥሩ ላይ ሊፈስለት ይገባል። ነፋስና ፀሐይ እንዲያገኘውም ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሳይተፋፈግ ይተከል፤ በመካከሉ የተጠላለፈው ቅርንጫፍም በአትክልት መቀስ ይቆረጥ።

የረገፈው ቅጠል ተለቅሞ መቃጠል ወይም በጥልቅ መቀበር አለበት። በሽታው ከዓመት ወደ ዓመት የሚሻገረው በዚህ ቅጠልና ጥቁር ነጥብ በያዘው ቅርንጫፍ ነው። ወደ ፍግ ጉድጓድ መጣሉ አይበጅም፤ ትንሽ የፍግ ክምር ሻጋታውን ለመግደል የሚበቃ ሙቀት አይኖረውም።

ስለ መድኃኒቱ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ጊዜ የጠቆረውን ቅጠል መልሶ አረንጓዴ የሚያደርግ መድኃኒት የለም፤ የሚረጨው ገና ያልተነካውን ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ ነሐሴን ሳይጠብቁ ክረምቱ ሳይበረታ መጀመር፣ የቅጠሉንም ጀርባ ማዳረስ ያስፈልጋል። ከጥንት ከታወቁት መድኃኒቶች አንዱ፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ሚላርዴ እ.ኤ.አ. በ1885 በቦርዶ ለወይን ተክል ያስታወቀው የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ድብልቅ ነው። ዛሬ በመዳብ የተሠራው መድኃኒት ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ነገር ግን በብርድና በዝናብ ጊዜ መዳብ የጽጌረዳን ቅጠል ሊያቃጥል ስለሚችል፣ አስቀድሞ በአንድ ተክል ላይ መሞከር ብልህነት ነው። መጠኑ በመያዣው ላይ እንደ ተጻፈው ይሁን። የሚረጨው ሰው ጓንት ያድርግ፣ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ሕፃናትም ይራቁ።

በበጋ የሚነሣው ሌላው በሽታ ከዚህ ጋር ሊምታታ አይገባም። ለጋ ቅጠልና እንቡጥ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ከነጣና ከተጠቀለለ አመዳይ የሚባለው ሻጋታ ነው። ይህ እርጥብ ቅጠል አያሻውም፤ እንዲያውም ውሃ ይጠላል። ስለዚህ ቅጠሉን በማለዳ በውሃ ማጠብ ለጥቁር ነጠብጣብ ክፉ ሲሆን ለአመዳይ ይጠቅማል። የድኝ ዱቄትም ያግደዋል፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ድኝ ቅጠል ያቃጥላል። ማዳበሪያ የበዛበት ተክል ለጋ ቅርንጫፍ ስለሚያበዛ በአመዳይ ይበልጥ ይጠቃል።

ዘርም ይለያያል። ፈረንሳዊው ፔርኔ ዱሼ እ.ኤ.አ. በ1900 ከፋርስ ቢጫ ጽጌረዳ ያዳቀለውን አዲስ ዓይነት ካወጣ ወዲህ፣ ከዚያ ዘር የተገኙት ብዙዎቹ ቢጫና ብርቱካንማ አበቦች ከውበቱ ጋር ለጥቁር ነጠብጣብ መሸነፍንም ወርሰዋል። አዲስ ችግኝ የሚፈልግ ሰው በነሐሴ የጎረቤቶቹን ግቢ ተመልክቶ፣ ቅጠሉን ይዞ ከቆየው ተክል አንድ ቁራጭ ቢለምንና ዝናቡ ሳያበቃ ቢተክለው ይሻለዋል።