ስለ ሞናሊያ ረግረጋማ ሸንተረር፤ ተረቱና እውነታው

በስኮትላንድ ደጋማ ምድር፣ ከስፔይ ወንዝ ሸለቆ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ሞናሊያ የሚባሉ ራሳቸው የሰፋ ተራሮች ተንጣለው ይገኛሉ፤ ከኒውተንሞር መንደር ተነሥቶ ካርን ስጉሊን ወደሚባለው ራስ (920 ሜትር) ከወጣ በኋላ በሸንተረሩ ላይ ወደ ካርን ጀረግ (945 ሜትር) የሚያዘግም መንገደኛ፣ ስለ ተራራ ከልጅነቱ ጀምሮ ከሰማው ነገር አብዛኛው በዚያ ስፍራ እንደማይሠራ ጥቂት ሳይቈይ ይረዳዋል።

በኢትዮጵያ ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው 945 ሜትር የሚለውን ቍጥር ቢሰማ፣ ይህማ ቆላ ነው፣ የሚያስፈራውም ብርዱ ሳይሆን ወባው ነው ብሎ ይስቅ ይሆናል። አገርን በቆላ፣ በወይና ደጋና በደጋ መክፈል ግን ለምድር ወገብ ጎረቤቶች የተሠራ ልማድ ነው። ሞናሊያ በ57 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለሚገኝ ፀሐይ በክረምቱ ከአድማስ እምብዛም ከፍ አትልም፤ በታኅሣሥ ወር አጋማሽም የቀኑ ብርሃን 7 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ብርድ የሚገድለው ውሃ ሲረጋ ብቻ ነው የሚሉም ተሳስተዋል፤ ልብሱ የረጠበና ነፋስ የሚመታው ሰው፣ አየሩ ከዜሮ ዲግሪ በላይ ሳለ፣ የሰውነቱን ሙቀት አጥቶ ሊሞት ይችላል።

ከዚህ ይልቅ ሥር የሰደደው ስሕተት ስለ ውሃው ያለው ነው። ውሃ በባሕርዩ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ስለሚወርድ ረግረግ በሸለቆ ይተኛል፣ ሸንተረሩ ግን ደረቅ ነው የሚለው ፍርድ ለልቡና የቀረበ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ አገር ረግረጉን የሚመግበው ከሰማይ የሚወርደው ዝናም ራሱ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነዳው ደመና የሚያፈስሰው ዝናም ፀሐይና ነፋስ ከሚያደርቁት ስለሚበልጥ፣ ከሥር ያለውም ዐለት ኮምጣጣነትን የሚያለዝብ ማዕድን እምብዛም ስለሌለው፣ የሸንተረሩም ራስ ሰፊና ለጥ ያለ ስለሆነ፣ ውሃው መሸሻ ቍልቍለት አጥቶ በዚያው ይቀራል፤ አየር ባልገባበትም በዚህ እርጥበት ውስጥ የሞተው ዕፅ ፈጽሞ ሳይበሰብስ ላይ በላዩ እየተነባበረ ፒት የሚባለውን ጥቁር አፈር ይሠራል። የዚህ ሥራ አለቃ ስፋግነም የሚባለው ሥር የለሽ ለስላሳ ዕፅ ሲሆን፣ የደረቅ ክብደቱን እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ውሃ እንደ ሰፍነግ ይይዛል። ፒት በዓመት የሚያድገው 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ እግሩ እስከ ቍርጭምጭሚቱ የሰመጠበት መንገደኛ የአንድ ምእት ዓመት ሥራ ረገጠ ማለት ነው።

ሜዳው ፈጥኖ ይታለፋል ማለትም አያዋጣም። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1892 ያወጣው ቀመር ለ3 ማይል 1 ሰዓት፣ ለየ2000 ጫማው አቀበትም ሌላ 1 ሰዓት እንዲቈጠር ያዝዛል፤ ቀመሩ እስከ ዛሬ ቢሠራበትም ስለ ማጥ ዝም ይላል። ነፋስና ውሃ ፒቱን ሸርሽረው ሰው የሚሰውር ቦይ በከፈቱበት ስፍራ፣ ካርታው ለጥ ያለ መሬት ያለው ሁሉ ወርዶ መውጣትና ዞሮ መመለስ ይሆናል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ያለው የእኛ ሰው ይህን አይቶ ነበር ያሰኛል።

ማጥ ሰውን እስከ ራሱ ይውጣል የሚለው የፊልም ተረት ነው። ጭቃ የተቀላቀለው ውሃ ከሰው አካል ስለሚከብድ፣ ሰው እስከ ጭኑ ወይም እስከ ወገቡ ቢገባ ነው፤ የሚጐዳው መወራጨቱና ብርዱ ስለሆነ፣ ወደ ኋላ ጋደም ብሎ እግርን ቀስ በቀስ መሳብ ይሻላል። በሸንተረሩ ላይ የቀሩትን አሮጌ የአጥር ምሰሶዎች የተከተለ በጭጋግም አይጠፋም የሚባለው ግን ግማሽ እውነት አለው፤ ሆኖም አጥሩ የተተከለው ርስት ለመለየት ስለ ነበር ማጡን አይሸሽም፤ ምሰሶው ብረት ከሆነም አጠገቡ የተያዘውን ኮምፓስ ያሳስታል።

ረግረግ ጠፍ መሬት ነው የሚለው እምነት ከሁሉ የበለጠ ጥፋት አድርሷል። በሰሜን፣ በኬትነስና በሰዘርላንድ፣ በተለይ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1980ዎቹ፣ ፍሎው ካንትሪ የሚባለው ታላቅ ረግረግ ብዙ ስፍራ በቦይ እየተጠነፈፈ የጥድ ዓይነት ዛፍ ተተከለበት፤ ፒት ሲደርቅ ግን አየር ይገባበትና በሺህ ዓመታት ያከማቸው ካርቦን ወደ ሰማይ ይበተናል። ዩኔስኮ ይህን ስፍራ በ2024 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ በዚያም ከተተከሉት ዛፎች ብዙዎቹ እየተቈረጡ፣ ውሃው ተመልሶ እንዲተኛ ቦዮቹ እየተደፈኑ ነው።