ከፎርማት በፊት ተራውን ማየት

«ዊንዶውስ ጠፍቷል፤ ፎርማት ይደረግ።» አሮጌ ኮምፒውተር በጥቁር ስክሪን ላይ «ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልተገኘም» ብሎ ሲቆም በየጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቱ የሚሰጠው የችኮላ ፍርድ ይህ ነው። የዓመታት ሰነድ ይዞ የሚሄድ ፍርድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዲስኩ ደህና ነው፤ ማሽኑ የሚፈልገው ሌላ ቦታ ነው።

ማብሪያው ሲጫን ቀድሞ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሚሞሪውንና ኪቦርዱን ፈትሾ ዲስኮቹን በተሰጠው ተራ ይጠይቃል። ከእያንዳንዱ የመጀመሪያዎቹን 512 ባይት ያነባል፤ መጨረሻቸው ላይ የሚጠብቀውን ምልክት ካገኘ ሥራውን ለዚያ ዲስክ ያስረክባል። ጣጣው እዚህ ነው፦ ምልክቱ ያለው ፍላሽ ዊንዶውስ ባይኖረውም፣ አብዛኛው ባዮስ ተመልሶ ሌላውን አይሞክርም። ስለዚህ መጀመሪያ የተረሳ ፍላሽ ካለ ነቅሎ እንደገና ማብራት ነው።

ተራው የቆየ ታሪክ አለው። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ከፋብሪካ ሲወጣ ሃርድ ዲስክ አልነበረውም፤ የሚነሳው ከፍሎፒ ነበር። በ1983 የአይቢኤም ኤክስቲ ሃርድ ዲስክ ይዞ ሲመጣም ፍሎፒው «ኤ» ቀዳሚ፣ ሃርድ ዲስኩ «ሲ» ተከታይ ሆነው ቀሩ። የ1986ቱ ብሬይን ቫይረስ የተዛመተው በዚሁ በር ነው፤ በፍሎፒ መነሻ ክፍል ተደብቆ።

ተራውን ይዞ የሚያቆየው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው፤ ሲደክም ሰዓቱም ተራውም ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳሉ። ማሽኑ ሶኬት ላይ ተሰክቶ መብራት እስካለ ባትሪው እምብዛም አይነካም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ሰዓቱን የሚያስኬደው እሱ ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. ላሊበላ በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ ለወራት መብራት ስታጣ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር ማንም ሳይነካው ከባትሪው ይበላ ነበር ማለት ነው። (እንዲህ ያለው ማሽን ሲከፈት በዓመታት ወደኋላ የቀረ ቀን ቢያሳይ፣ የእኛን አቆጣጠር የለመደ አይምሰላችሁ።)

ለአንድ ጊዜ ብቻ ከፍላሽ ለማስነሳት ማሽኑ እንደበራ በዴል ኤፍ12ን፣ በብዙ ኤችፒ ኤፍ9ን ደጋግሞ መንካትና ከዝርዝሩ መምረጥ ነው። ተራውን ለዘለቄታው ለመቀየር ግን በኤፍ2፣ በኤፍ10 ወይም በዲሊት ባዮስ ውስጥ ገብቶ «ቡት» በሚለው ገጽ ሃርድ ዲስኩን ከላይ ማድረግና ሴቭ ብሎ መውጣት ይጠይቃል። እኔ ፍላሽን ከላይ አድርጎ መተውን አልወድም፤ በማግስቱ ፍላሽ ሰክቶ «ተበላሸ» የሚል አይጠፋም።

ሃርድ ዲስኩ ከነጭራሹ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ የዲስኩን ኬብሎች እንደገና መሰካት ነው። ያም ካልሠራ የሞተው ዲስኩ ራሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ባዮሱ ያላየውን ዲስክ ደግሞ ፎርማት ማድረግም አይቻልም።