ውኃ የማይቀዳባት እንስራ

በማዕከላዊ ናይጄሪያ በሚኖረው በጓሪ ሕዝብ ዘንድ ሸክላ መሥራት የሴቶች ጥበብ በመሆኑ፥ እ.ኤ.አ. በ1925 ገደማ ኩዋሊ በምትባለው መንደር የተወለዱት ወይዘሮ ላዲ ኩዋሊ ሙያውን በልጅነታቸው ከአክስታቸው ተምረው፥ የውኃ እንስራና የወጥ ድስት ያለ መሽከርከሪያ ይሠሩ ነበር። የጭቃውን ድቡልቡል በጡጫ አጎድጉደው መሠረቱን ካበጁ በኋላ፥ እንደ ገመድ የተጠቀለለ ጭቃ እየደራረቡ፥ እንስራው ባለበት ቆሞ እርሳቸው ዙሪያውን እየዞሩ በቅል ስባሪ ያለሰልሱታል፤ ገላውንም በእንሽላሊት፥ በጊንጥ፥ በእባብና በአዞ ምስል ያስጌጡታል። ሌላው ሠሪ ሸክላውን ሲያዞር ሠሪዋ ራሷ የምትዞርበት ይህ ሥርዓት፥ በእኔ አስተያየት፥ የጥበባቸው ምስጢር የተሰወረበት ነው፤ የእንስራው ሆድ በመኪና የወጣ ሳይሆን ነፍስ የዘራ መስሎ የሚታየውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው በ1950 እነዚህን እንስራዎች በአቡጃ አሚር ቤተ መንግሥት አይቶ እጅግ ተደነቀ (የዚያን ጊዜዋ አቡጃ ዛሬ ሱለጃ የምትባለው እንጂ ዋና ከተማይቱ አይደለችም)፤ በዚያው ባቋቋመው ማሠልጠኛም ወይዘሮ ላዲ በ1954 የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው ገቡ። ካርዲው የበርናርድ ሊች ደቀ መዝሙር ነበረ፤ ሊችም ጥበቡን የቀሰመው በጃፓን ነው። ስለዚህ የጓሪ እጅ ያበጀው ቅርፅ፥ ፍልፍሉ በነጭ ጭቃ ተሞልቶ፥ ሴላደን የሚባለውን ከቻይና የመነጨ አረንጓዴ ልባስ ለብሶ፥ ወደ 1,300 ዲግሪ በሚደርስ የእንጨት እቶን ሲገባ፥ የሦስት አህጉር ትውፊት በአንድ ገላ ተዋሐደ።

ይሁን እንጂ ተዋሕዶው ዋጋ አስከፍሏል። በሜዳ እሳት የተተኮሰ ተራ እንስራ ገላው ውኃ ያልባል፤ ላቡም ሲተን በውስጡ ያለውን ውኃ ያቀዘቅዘዋል። ልባስ ያለው ግን እንደ ጠርሙስ የተደፈነ ስለሆነ አያልብም፥ አያቀዘቅዝምም። እንግዲህ በ1958፥ በ1959 እና በ1962 በለንደን በርክሌይ ጋለሪ ታይቶ የተመሰገነው፥ ከቤት አገልግሎት ወጥቶ ለዓይን ብቻ የተመደበ እንስራ ነበር። ይህን እንደ ጥፋት ቆጥሬ ካርዲውን ልወቅስ አልፈቅድም፤ የሴት ሙያ ተብሎ ያለ ስም ይሸጥ የነበረው ሥራ የሠሪዋን ስም ይዞ የወጣው በዚሁ መንገድ ነውና።

የእንግሊዝ መንግሥት በ1962 ኒሻን ሸለማቸው፤ አሕመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲም በ1977 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ያረፉት በ1984 ሲሆን፥ ምስላቸው ዛሬ በናይጄሪያ የ20 ናይራ የገንዘብ ኖት ጀርባ ላይ ይታያል።