«ግፊ!» ስለሚባልበት ሰዓት

የማህፀን በር እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ተከፍቶ ካበቃበት ጊዜ አንሥቶ ሕፃኑ እስኪወለድ ያለው ሂደት ሁለተኛው የምጥ ደረጃ ይባላል። በዚህ ደረጃ ወላዷ ትንፋሿን አፍና፣ አገጯን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ እስከ 10 እየተቆጠረላት ያለ ፋታ እንድትገፋ የሚመክሩ አጫጭር ቪዲዮዎች በማኅበራዊ ሚዲያ እየተዘዋወሩ ሲሆን፣ ምክሩ የሳይንስ ካባ ለብሶ መቅረቡ ሙያውን ለሚያውቅ ሰው የሚዋጥ አይደለም። ይበልጥ የሚያስቆጨው ግን አዘጋጆቹ ምክሩን ከራሳቸው አለመፍጠራቸው ነው፤ በማዋለጃ ክፍል የሰሙትን ደገሙት እንጂ። ስለዚህ ጉዳዩን በተራ በተራ መመልከት ይገባል።

1. በሩ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት አይገፋም። ገና ያልተከፈተው የማህፀን በር ከንፈር በሕፃኑ ራስና በዳሌ አጥንት መካከል እየተጨፈለቀ ሊያብጥና መንገዱን መልሶ ሊያጠብ ይችላል። ይህ የሙያው ሀሁ ስለሆነ ማብራሪያ አያሻውም።

2. የበሩ መከፈትም ብቻውን ለመግፋት በቂ ምልክት አይደለም። ሁለተኛው ደረጃ ራሱ ሁለት ክፍል አለው፤ በመጀመሪያው ሕፃኑ በማህፀን መኮማተር ብቻ እየወረደና ራሱን እያዞረ ይጓዛል፤ በሁለተኛው ደግሞ የሕፃኑ ራስ የዳሌውን ወለል ጡንቻዎች ሲጫን፣ ወላዷን ሰገራ የመጣባት የሚመስል፣ ልታግደው የማትችለው የማማጥ ስሜት ይይዛታል። የመውለጃ መንገዱ ሲለጠጥ ማህፀንን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ይበልጥ እንዲመነጭ የሚያደርገው ምላሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በገለጸው ተመራማሪ ስም የፈርጉሰን ሪፍሌክስ ይባላል። የሕፃኑ የልብ ምት በየ5 ደቂቃው እየተደመጠ፣ እናትም ልጅም ደህና እስከ ሆኑ ድረስ ስሜቱ እስኪመጣ መጠበቅ ራሱ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ መሠረት ይህ ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያ ልጅ በ3 ሰዓት፣ ለተከታዮቹ በ2 ሰዓት ውስጥ ያበቃል። ሕመም እንዳይሰማት በጀርባዋ በኩል የሚያደነዝዝ መርፌ፣ ማለትም ኤፒዱራል፣ የተሰጣት ሴት ግን ስሜቱ ሊደበዝዝባት ስለሚችል አጋዥ ቃል ያስፈልጋታል።

3. ትንፋሽ ማፈን። ዘዴው ስሙን ያገኘው ከጣሊያናዊው የአናቶሚ ሊቅ ከአንቶኒዮ ቫልሳልቫ ሲሆን፣ ሊቁ እ.ኤ.አ. በ1704 ስለ ጆሮ ባሳተመው መጽሐፍ አፍና አፍንጫን ዘግቶ በኃይል መተንፈስ ከጆሮ መግል ለማስወጣት እንደሚረዳ ጽፏል። የጆሮ መላ እንዴት የማዋለጃ ክፍል ሕግ እስከ መሆን እንደ ደረሰ የሚገርም ነው። ትንፋሽ ለረጅም ጊዜ ሲታፈን በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፤ በዚያው ልክ ወደ እንግዴ ልጁ የሚደርሰው ደምና ኦክስጅን ያንሳል። ኡራጓያዊው ካልዴይሮ ባርሲያ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው፤ ከእርሱም በፊት እንግሊዛዊቷ ሐኪም ኮንስታንስ ቤይነን እ.ኤ.አ. በ1957 ወላዶች በትእዛዝ ከመገፋፋት ነጻ እንዲሆኑ ተከራክራለች። ያልታዘዘች ሴት በአንድ ምጥ ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ታምጣለች፣ ትተነፍሳለች፣ ደግማ ታምጣለች፤ እያቃሰተችም አየር ታወጣለች። ይህንኑ ማቃሰት ነው «አትጩኺ፣ ጉልበትሽን አትጨርሺ» እያሉ የሚያፍኑት። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የኮክሬን ግምገማ በትእዛዝ በሚደረግና በራስ ስሜት በሚደረግ ማማጥ መካከል በምጡ ርዝመት ላይ ጎልቶ የወጣ ልዩነት አላገኘም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ወላዷ የራሷን ስሜት እንድትከተል ይመክራል። እንግዲህ ጥቅሙ ያልታየ ትእዛዝ በዚህ ሁሉ ጩኸት የሚሰጠው ለምንድን ነው?

አራተኛው ሆድን መጫን ነው፤ ከሦስተኛው ተለይቶ መቆጠሩ ግን አጠራጣሪ ነው፤ ጩኸቱ አልሠራ ሲል ክርን ይከተላልና። እ.ኤ.አ. በ1867 ክሪስተለር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የገለጸውን ይህን አሠራር የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። የልምድ አዋላጆች ሆድ ያሻሉ ተብለው ሲወገዙ የኖሩበት አገር፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ያንኑ በባሰ ኃይል ሲያደርገው ዝም ማለቱ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የአስተኛኘቱም ነገር እንዲሁ ነው። በገጠር ተንበርክካ፣ ከኋላዋ ሌላ ሴት ደግፋት የምትወልድ እናት ጤና ተቋም ስትደርስ በጀርባዋ ተኝታ እግሮቿ ወደ ላይ ይሰቀላሉ፤ ክብደቷ የማይረዳት፣ ለባለሙያው እንጂ ለእርሷ የማይመች አኳኋን ነው። እናቷ ወይም እኅቷ በር ላይ ትቀራለች፤ ግድግዳው ላይ ግን «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በኢትዮጵያ በተቋም የመውለድ ምጣኔ እ.ኤ.አ. በ2016 ከነበረበት 26 በመቶ በ2019 ወደ 48 በመቶ ማደጉ በየስብሰባው ይነገራል፤ ቁጥሩ ግን እናቲቱ በምን ሁኔታ እንደ ወለደች አይናገርም። አንዲት ሚድዋይፍ በአንድ ጊዜ ብዙ ወላዶችን እንድትጠብቅ ስትደረግ፣ የቀጣዩ አልጋ ጥድፊያ ወደ ጩኸት ይለወጣል። የሰው ኃይሉን የሚመድቡት ባለሥልጣናት ስለ ጩኸቱ ሥልጠና ያዘጋጃሉ፤ ለአልጋው የሚሆን አዋላጅ ግን አይቀጥሩም።

ወላዷ ስሜቷን ትከተል መባሉ ምጡ ያለ ተቆጣጣሪ ይጓተት ለማለት አለመሆኑን ጨምሮ መናገር ይገባል። ሕፃኑ ካልወረደ ምክንያቱ መፈለግ አለበት፤ ፊኛው በሽንት ተሞልቶ፣ ምጡ ደክሞ፣ የሕፃኑ ራስ አቀማመጥ ተዛብቶ ወይም ዳሌው ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ምክንያቱም ሽንቷን ማሸናት፣ አኳኋኗን መለወጥ፣ በቫኪዩም ማገዝ ወይም ኦፕራሲዮን ወደሚሠራበት ሆስፒታል ፈጥኖ መላክ ያስፈልጋል። መንገዱ በተዘጋ ምጥ ውስጥ የሕፃኑ ራስ ለረጅም ሰዓት ሲጫነው የፊኛና የብልት ግድግዳ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ፊስቱላ የሚባለው ሽንት የሚያፈስ ቀዳዳም እንዲህ ይፈጠራል። እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተከፈተው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ካከማቸው እናቶች ብዙዎቹ ለቀናት ያማጡ ነበሩ፤ የጎደላቸውም ጉልበት ሳይሆን በጊዜው የሚደረግ ኦፕራሲዮን ነበር።